ከምልክቴ በላይ የተጻፈው

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4፣ 1884

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ማርሳሊ ናት። ቃሉ ግን የእኔ የቶርክል ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊደልም እኔን አልቆጠረኝም፤ ሳንተዋወቅ ሰባ ስምንት ዓመት ኖረናል። በዚህች ደሴት ላይ የእኔን ግጥም የማይዘፍን ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ይህንንም ጻፊ አልኳት፤ ጻፈች።

ዛሬ ላክላንን ወሰዱት። ሁለት ፖሊሶች ከወደቡ ከተማ በጀልባ መጡ። ከሩቁ ዳርቻ የባሕር አረም በቅርጫት አዝሎ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። ቅርጫቱን እንዲያወርድ እንኳ አልጠበቁትም፤ ውሃው በጀርባው እየወረደ ነው እስከ ጀልባው የሄደው።

ላክላን የመንደራችን ብዕር ነው። በጎረምሳነቱ መርከብ ላይ ጸሐፊ ነበር። ለባለ ርስቱ ምስለኔ ማመልከቻ ሲያስፈልገን፣ ግላስጎው ላለ ልጅ ደብዳቤ ሲላክ፣ እኛ እንናገራለን፣ እሱ ይጽፋል። ማመልከቻው እኛ በማንሰማው በእንግሊዝኛ ነው። ከታች የመስቀል ምልክት እናደርጋለን።

በምስለኔው መጋዘን በር ላይ አራት መስመር ግጥም የያዘ ወረቀት ተቸንክሮ ተገኘ። ጽሕፈቱ የላክላን ነው። ምስለኔው ሃያ ዓመት ማመልከቻችንን ሲቀበል ስለኖረ ያንን እጅ ከገዛ ሚስቱ እጅ ይልቅ ያውቀዋል። ክሱ በጽሑፍ ግድያ መዛት ነው አሉ። ከተፈረደበት ይታሰራል፤ ከታሰረ ደግሞ ሚስቱ ኦይሪክና አራት ልጆቹ በሜይ ቤቱን ይለቃሉ። ምስለኔው ይህን ለኦይሪክ በሯ ላይ ቆሞ በአስተርጓሚ ነግሯታል።

ግጥሙ የእኔ ነው። ስለ ግድያ አንድም ቃል የለበትም። ማን እንደቸነከረው አላውቅም።

ማርሳሊ ብዕሩን አንስታ አየችኝ። ምን ታይኛለሽ፣ ጻፊ አልኳት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 6

ቶሎ ቶሎ ብለን ነው። ጭቃ ሹሙ ፊንሌ በየቤቱ እየዞረ ነው። ብዕር ያለው ማን ነው፣ ቀለም ያለው ማን ነው እያለ። ማርሳሊ ቀለሙን የአጃው ሣጥን ውስጥ ቀበረችው።

ፊንሌ የእህቴ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ ዓሣ ማጥመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በሬ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አላወለቀም። ግጥሙ የእኔ መሆኑን ነገርኩት።

«አጎቴ፣ የእርስዎ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል» አለኝ። «የሚፈለገው ግን አፍ አይደለም፤ እጅ ነው።»

እጄን ዘረጋሁለት። አገላብጦ አየውና መቅዘፊያ እንጂ ብዕር የሚያውቅ እጅ አይደለም ብሎ ሄደ። ሰድቦኝ ይሁን አመስግኖኝ እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 9

ነገ ሰንበት ነው፤ በሰንበት አይጻፍም። ስለዚህ ዛሬ ልናገር። ወረቀቱን የቸነከርኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው መከር ምስለኔው የቅርቡን ዳርቻ ከለከለን። ድንቻችንን የምናዳብርበት የባሕር አረም ከእንግዲህ የባለ ርስቱ ነው፣ የፈለገ ይግዛ አለ። ባሕር የተፋውን ነገር። እኔም ገጠምኩ፤

ዳርቻውን በገመድ ለካ፣ አረሙን በጭነት ሸጠ፤
ማዕበል ግን ጭሰኛው አይደል፣ ኪራዩን መቼ ሰጠ?
ውርጭ የመታው ድንቻችን እንደ ጥርሱ ጠቆረ፤
እንዲህ ያለ ጌታ ይዞ፣ ማን ጠግቦ አደረ?

ይህንን ግጥም ሰው ለጨዋታ በሚሰበሰብበት በራኔልት ቤት አልኩት። ራኔልት ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷን የሚይዝላት የለም። ሦስቱ ጥሩ ናቸው፣ አራተኛው ግን ጥርሱ ረግፏል አለች። ሰው ሳቀ። ራኔልት ስለ ግጥም ምን ታውቃለች።

ሳምንት ያህል ቆይቼ ላክላንን በቋንቋችን ጻፍልኝ አልኩት። ስሞት ቄሱ የሚቀብረው ሥጋዬን ነው፤ ቃሌ ወረቀት ላይ ይቅር ብዬ። ጻፈ። አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ፤ ልክ እንዳልኩት ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ኪሴ ውስጥ የጀልባ ምስማር ነበረ። በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ማንም አልነበረም።

ምስለኔው ቋንቋችንን አይሰማም። ቢሆንም በሩ ላይ እንዲያየው ፈለግሁ። ቶርክል ጥርሱ እንዳልረገፈ መንደሩም እንዲያይ።

የላክላን እጅ እንደሚታወቅ ከየት ልወቅ? ግጥም ሲሰማ የማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። የእኔን ግጥም የላክላን ነው የሚል ደንቆሮ ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ጭረት እንደ ሰው ድምፅ ይለያል ሲሉኝ ደነገጥኩ። ማርሳሊን የአንቺም ይለያል ወይ አልኳት። ይለያል አለችኝ።

ሰኞ ነፋስ ከሌለ ምስለኔው ዘንድ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ትናንት ማዕበል ነበር። ዛሬ ሄድኩ። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ኮት ለበስኩ።

ምስለኔው ቁጭ በል አላለኝም። ፊንሌ መሃላችን ቆሞ ያስተረጉማል። ግጥሙ የእኔ ነው፣ የቸነከርኩትም እኔ ነኝ፣ ላክላንን ፍቱት አልኩ። ምስለኔው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ሕፃን ከአልጋ ስር ጭራቅ አለ ሲል አባት እንደሚስቀው ያለ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የወረቀት እስር አወጣና አንዱን ለፊንሌ ሰጠው። ፊንሌ ወለሉን እያየ ወደ ቋንቋችን መለሰው።

«እኔ ትሑት አገልጋይዎ ቶርክል፣ በእግርዎ ሥር ተደፍቼ፣ የማይገባኝን ቸርነትዎን እለምናለሁ።»

ይህ የማን ነው አልኩ። የእርስዎ ነው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ያስገቡት የጣራው ማመልከቻ ነው አለኝ ፊንሌ።

ያንን ቀን አልረሳውም። ለላክላን ያልኩት «ጣራው እላዬ ላይ ሲወድቅ ኪራዩን ከሬሳዬ ይሰብስብ ብለህ ጻፍ» ነበር። ፊንሌ ሌላ ወረቀት አነበበ። እሱም ውስጥ ተደፍቻለሁ። ሌላ አነበበ፤ እዚያ ደግሞ እያለቀስኩ ነው። እኔ እናቴን ስቀብር እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም። አስራ አንድ ወረቀት ነው። በሁሉም ግርጌ የእኔ መስቀል አለ።

ለካ ይህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በርኅራኄ አንገቱን የሚነቀንቅልኝ፣ እኔም ፈርቶኝ ነው የምለው፣ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ በፊንሌ በኩል እንደ እኔ ያለ ጨዋ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አያስብም፣ ጎረቤቴን ለማዳን መምጣቴ ያስመሰግነኛል አለ። ከዚያ የተቸነከረውን ወረቀት አስነበበልኝ። ሦስቱ መስመር የእኔ ነው። አራተኛው ላይ ፊንሌ እንዲህ አለ፤

ጌታው በጀልባ ሲሻገር፣ ባሕሩ ጉድጓድ ቆፈረ።

«ይሄ መስመር የእኔ አይደለም» አልኩ።

አይደለማ። ምን ልበል? ምስለኔው አንድ ነገር ጻፈ፤ ፊንሌ እዚህ ላይ ምልክትዎን ያድርጉ አለኝ፤ አደረግሁ። ያ «ትሑት አገልጋይዎ» የሚሉት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ ነበር።

ማርሳሊ መጻፏን አቁማ ምን የሚል ወረቀት ላይ ነው ምልክት ያደረጉት አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 13

ዛሬ ምንም አትጻፊ።

አትጻፊ ያልኩትንም ጻፈችው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 15

ራኔልት ከረግረጉ የሚቆረጠውን የአፈር ማገዶ ልትበደር መጣች። ስለ ማመልከቻዎቹ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ፤ ማገዶዋን እየመረጠች፣ «አንተ ስትሳደብ እሱ ባያለዝበው ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ከቤታችን ተባረን ካናዳ ጫካ ስንመነጥር ነበር» አለችኝ። የእሷን ቃል እንዳለ ቢጽፈው ወረቀቱ ራሱ እሳት ይይዝ ነበር አለች። እኛ እንቆጣለን፣ ላክላን ይለምንልናል፣ ምስለኔው ይራራል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ?

እኔ አለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ለእኔ ያልነገሩኝ እንዳይከፋኝ ብለው ነው። ስዘልፍ ይስቁልኝ የነበረው በምስለኔው መስሎኝ ነበር።

ራኔልት ስትወጣ ማርሳሊን አየኋት። እሷ ግላስጎው ሰው ቤት ስታገለግል ፊደል ተምራ ነው ልጄን ያገባችው። ልጄ ባሕር ላይ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። የጣራውን ወረቀት ወደ ምስለኔው የወሰደችው እሷ ናት። አንብበሽው ነበር ወይ አልኳት።

«አንብቤው ነበር፣ አባዬ። ጣራው ግን ተሠራልን አይደል?»

ይህንን በገዛ እጇ ስትጽፍ ቀና አላለችም።

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ማክሰኞ ምልክት ያደረግሁበት ወረቀት ወደቡ ከተማ ወዳለው ዳኛ ሄዷል። ፊንሌ ለኦይሪክ ነግሯታል። ወረቀቱ፣ ቶርክል ነኝ፣ የግድያው መስመር የእኔ አይደለም፣ የጸሐፊው ነው ይላል። እስከ ማክሰኞ ድረስ ላክላን የሌላ ሰው ግጥም ገለበጥኩ ማለት ይችል ነበር። አሁን አይችልም። ላክላንን ላስፈታ ኮት ለብሼ ሄጄ አስሬው መጣሁ።

ይህን አትጻፊ አልኳት። ቆይቼ ጻፊው አልኳት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 20

እስር ቤቱ የወደቡ ከተማ ዓሣ መሸጫ ጀርባ ነው። ከማርሳሊ ጋር ሄድን። ግማሽ ቀን መቅዘፍ ነው፤ እጄ አሁንም ይችላል።

ላክላን ከስቷል። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ሳየው ግማሹ ጠፋኝ። የቀረውን ግማሽ ሰደብኩት። ሃያ ዓመት በእኔ ስም ለመንክ፣ ሰው ፊት አንበረከክኸኝ አልኩት። ሲበቃኝ መናገር ጀመረ።

«ጋሽ ቶርክል፣ እርስዎ ተቆጥተው ወጥተው ይሄዳሉ። ቁጣዎ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀራል። የራኔልትም፣ የሁሉም። እኔ ተቀምጬ ወደ ልመና እገለብጠዋለሁ። የሁላችሁንም ጉልበት በየተራ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ቁጣ የት እንደሚሄድ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

የእኔን መስመር ለምን ነካህ አልኩት።

መስመርዎ ልመና ነበረች አለኝ። «ማን ጠግቦ አደረ?» የምትለዋን እሱ በየማመልከቻው ጽፏታል፤ ምስለኔው በቃሉ ያውቃታል። አንድ ቀን እንኳ የለዘበውን አክርሬ ልጻፍ አለ። ታዲያ ሲያነብልኝ ለምን የእኔን መስመር አነበበልኝ? እውነቱን ቢያነብ እቆጣ ነበራ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ የሚያረጅ መስሎታል። በር ላይ የሚቸነክር ሽማግሌ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ለምን እንደሳቅን አላውቅም። ጠባቂው በሩን ደበደበ።

ዳኛው ፊት መስመሩ የእኔ ነው እላለሁ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። በሕይወቱ የጻፋቸው ወረቀቶች ሁሉ የሰው ናቸው፤ የራሱ የሚለው ያቺ አንድ መስመር ብቻ ናት አለኝ። ልጆችህ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ አልኩት። ከዚያ ወደ ማርሳሊ ዞሮ ኦይሪክ ምን ትላለች አላት። ቤቱ ይምጣ ትላለች አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መስመሩ ይመታል። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ጀልባው ላይ ስቀዝፍ ግን ሳላስበው እሱን ነበር የማዜመው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 23

መሐላ አለ። በእግዚአብሔር ስም ምሎ መዋሸት ነው። ደግሞም የሰው ስንኝ የእኔ ነው ማለት ነው፤ እኔ ከአባቴ እንኳ አንዲት ቤት መቺ ወስጄ አላውቅም። ማርሳሊ ከሁለቱ የትኛው ያስፈራዎታል አለችኝ።

መናገር አልፈለግሁም። ሁለተኛው ነው። ጻፊው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 26

ፍርድ ቤት ዋልን። መንደሩ ግማሹ መጥቷል። ምስለኔው ከፊት ተቀምጧል። ዳኛው ጉንፋን የያዘው አጭር ሰው ነው። የከተማው አስተማሪ ያስተረጉማል።

ማልኩ። ግጥሙ አራቱም መስመር የእኔ ነው፣ ላክላን የነገርኩትን ገለበጠ፣ የቸነከርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ዳኛው ወረቀት አነሳ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት መስመሩ የእኔ አይደለም ብለህ ምልክት አድርገሃል አለኝ።

ይህን ጥያቄ ማርሳሊ ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ መልሱንም አብረን ነው የፈለግነው። መልስ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ መልስ ግጥሜን ሁሉ ባሕር ውስጥ ብጥለው እመርጥ ነበር።

ማንበብ አልችልም አልኩ። ከምልክቴ በላይ ያለው የእኔ ቃል አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። ካላመኑኝ ምስለኔው የያዛቸውን ማመልከቻዎች ያስነብቡ፤ ከዚያ ይህ ሕዝብ እኔ እንዲህ ስናገር ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁልኝ አልኩ።

ምስለኔው አላመጣኋቸውም አለ። ፊንሌ ግን ቦርሳው ውስጥ ናቸው አለ። ለምን እንዳለ እናቱን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነው የምጠይቃት። ምስለኔው እሱን ያየበት አስተያየት ደግ አልነበረም።

አስተማሪው በቋንቋችን ጮክ ብሎ አነበበ። «ትሑት አገልጋይዎ።» «በእግርዎ ሥር ተደፍቼ።» መጀመሪያ የሳቀችው ራኔልት ናት። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ ሳቀ፤ ከሌላ መንደር የመጡት፣ ግጥሜን የሚያውቁት፣ ሁሉም። ቶርክል አለቀሰ ሲል አንዱ ሆዱን ይዞ ወጣ። ቆሜ ሰማሁት። አስራ አንዱንም። አንዴ እንኳ አንገቴን አልደፋሁም፤ ወይም ደፍቼ ይሆናል፤ ማርሳሊ ትንሽ ደፍተዋል አለች።

ዳኛው ተናፈጠና ያልተነበበለት ሰው ምልክት ዋጋ የለውም አለ። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። ላክላን ገልባጭ ነው፣ ሦስት ሳምንት ታስሯል፣ ይበቃዋል፤ ቤቱም በዚህ ምክንያት አይነካበትም ብሎ ምስለኔውን አየው። ኦይሪክ እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

ለእኔ ደግሞ ለእስር አርጅተሃል አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በምስለኔውም በባለ ርስቱም ላይ ግጥም አልገጥምም ብዬ እንድፈርም አዘዘ፤ ካፈረስኩ እታሰራለሁ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ከዚያ መስቀሌን አደረግሁ። የምልክቴን ትርጉም አውቄ ምልክት ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያደረግሁትም አፌን ለመዝጋት ነው።

በጀልባ አብረን ተመለስን። ላክላን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስቀዝፍ ሲያየኝ ቆየ። ዳርቻ ስንደርስ ወርዶ ጀልባዋን አብሮኝ ጎተተ።

«ጋሽ ቶርክል፣ ሚስቴንና ልጆቼን ቤታቸው አስቀሩልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስመሬን ግን ወሰዱብኝ።»



ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 28

ግጥሙ ከእኛ ቀድሞ ደሴቱን ዞሯል። ዛሬ ከሰሜን የመጡ ዓሣ አጥማጆች ሲቀዝፉ ሲያዜሙት ሰማሁ። የቶርክል ነው ይላሉ፤ ሦስቱን መስመር ለዘብ አድርገው አራተኛው ላይ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ሽማግሌው በዚህ ዕድሜው እንዴት ያለ ነገር አመጣ አለ አንዱ። እጄን አነሳሁለት። ምን ላድርግ።

ስለዚህ ማርሳሊ፣ ይህን ጻፊ፤ አራተኛው መስመር የላክላን ነው። የእኔ አይደለም። ከእኔ ይበልጣል። ምዬ ዋሽቻለሁ።

ይህ ደብተር ምስለኔው እጅ ቢገባ ላክላን ተመልሶ ይታሰራል አለችኝ። አውቃለሁ። ሁለታችንም እስክንሞት ደብቂው አልኳት። እኔስ አለችኝ፤ ጽሕፈቱ የእኔ እኮ ነው። ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር። አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ከፈራሽ ቅደጂው አልኳት። አልቀደደችውም።

ላክላን ከእንግዲህ ለማንም አልጽፍም ብሏል። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራኔልት እኛ ዘንድ መጣች። ነፋሱ የጣራዋን ማእዘን ወስዶባታል፤ ዝናቡ አልጋዋ ላይ ነው። ጻፊልኝ አለቻት ማርሳሊን። ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምስለኔውን ከነአያቱ ሰደበችው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ምልክቷን የምታደርገው ሲያልቅ ነው ብላ ቁጭ አለች።

ማርሳሊ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክራ እኔን አየችኝ። እንዳለ ልጻፈው ወይስ ላለዝበው ብላ ልትጠይቀኝ ነው። እኔ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ራኔልት የተናገረችው አጭር ነበር። ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ረጅም ጊዜ ነው የጫረው። እየሰማሁ ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅሁም። ራኔልትም አልጠየቀችም። ሲያልቅ መስቀሏን አድርጋ ወጣች።

አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ። ያልኩትን አይደለም፤ የጻፍሽውን።